ዕዳ የለብኝም ማለት ክሬዲት አለኝ ማለት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ዕዳ ካለበት ሰው በላይ የሚጠረጠርበት ጊዜ አለ፣ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲነገረው ቀልድ ነው የሚመስለው። እንበልና አንድ ዲቪ ደርሶት ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ የ23 ዓመት ልጅ ቀን ፓርኪንግ ማታ ደግሞ ዴሊቨሪ እየሰራ በሁለት ዓመት ውስጥ ደህና ገንዘብ ባንክ አስቀምጧል፣ ዕቁቡን አንድም ወር አላሳለፈም፣ ለእናቱ በየወሩ ይልካል፣ የማንም ሳንቲም የለበትም። ይሄ ልጅ የራሱን አፓርታማ ልከራይ ብሎ አፕላይ ሲያደርግ ወይ ዲናይ ይደረጋል ወይ ኮሳይነር (አብሮት የሚፈርም ዋስ) አምጣ ይባላል። አራት ክሬዲት ካርድ ይዞ መኪናውንም በብድር የሚነዳው ጓደኛው ግን በሁለት ቀን ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል። ልጁ "እኔ ነኝ እኮ ገንዘብ ያለኝ!" ቢል ትክክል ነው፣ ችግሩ ማንም ስለ ገንዘቡ አልጠየቀውም።

ክሬዲት ስኮር የሚባለው ነገር ምን ያህል ብር እንዳለህ አያውቅም፣ ደሞዝህ ስንት እንደሆነም እዛ ውስጥ የለም፣ ሴቪንግ አካውንትህንም አያይም። የሚያየው የብድር ታሪክህን ብቻ ነው፦ ተበድረህ ታውቃለህ ወይ፣ ከተበደርክስ በቀኑ መልሰሃል ወይ የሚለውን፣ ያውም አበዳሪው ሪፖርት ካደረገው ብቻ። ሪፖርቱን የሚሰበስቡት ክሬዲት ቢሮ የሚባሉ ሦስት የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን። ብዙው አበዳሪ የሚጠቀምበት ፋይኮ የሚባለው ስኮር ደግሞ በ1989 የወጣ ነው፣ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ፋይኮ ነጥብ ለመስጠት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ አካውንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ያ ልጅ ስኮሩ ዝቅተኛ ሆኖ አይደለም፣ ጭራሽ ስኮር የለውም። መጥፎ ስኮርና ስኮር አልባ መሆን የተለያዩ ቢሆኑም ሊዝ ኦፊስ (የአከራዩ ቢሮ) ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚያሰጡት።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የእኛ ሰው ጋ ያለው ጉዳይ ነው። ገንዘብ በሰዓቱ መክፈል ለሐበሻ የተማረው ሳይሆን አብሮት ያደገው ነገር ነው። ዕቁብ ላይ ቀን ያሳለፈ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ጸሐፊው ይደውላል፣ ዳኛው ይደውላል፣ ከዛ ያገናኘው ሰው ራሱ ያፍራል፣ ስለዚህ ሰዉ ከምግቡ ቀንሶም ቢሆን ይጥላል። ይሄ ሁሉ ዲሲፕሊን ግን ሦስቱ ቢሮዎች ጋ የትም አልተጻፈም። ባንክ ብድር የሚሰጥህ በዚሁ ዓይነት ታማኝነት ላይ ተመስርቶ ቢሆንም ማስረጃህ በዕቁብ ደብተር ላይ ከሆነ ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው። የሚገርመው ግን ዕቁብን እዛ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሚሽን አሴት ፈንድ የሚባል ግብረ ሰናይ ድርጅት ልክ እንደኛ ዕቁብ ሰዎችን በክብ አሰባስቦ፣ ያለ ወለድ በተራ እያበደረ፣ እያንዳንዱን ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎቹ ሪፖርት ያደርጋል፣ ካሊፎርኒያም በ2014 ለዚህ ዓይነቱ አሰራር የሚሆን ሕግ አውጥታለች። እዛ በብዛት የተጠቀመበት የላቲኖው ማኅበረሰብ ነው። በየከተማው ይሄን ያህል ዕቁብ ያለን እኛ ይህን ለምን እንዳልሞከርነው ማኅበሮቻችን ቢነጋገሩበት ደስ ይለኝ ነበር፣ ለአሁኑ ግን ልጁ ያለው አማራጭ ካርድ ነው።

ወቅቱ ደግሞ ለወጣት አመቺ አይደለም። ፋይኮ በ2025 ባወጣው ሪፖርት የአገሪቱ አማካይ ስኮር 715 ሲሆን ጄን ዚ የሚባለው ትውልድ አማካይ ግን 676 ነው፣ ከሁሉም የዕድሜ ክልል በላይ የወረደውም የእነሱ ነው። አንዱ ምክንያት ስቱደንት ሎን ነው። በኮቪድ ጊዜ ከ2020 ማርች ጀምሮ የፌደራል ተማሪ ብድር ክፍያ ቆሞ ነበር፣ በ2023 ኦክቶበር ተመለሰ፣ ከዛ አንድ ዓመት ደግሞ ያልከፈለም ቢሆን ለክሬዲት ቢሮ የማይነገርበት የእፎይታ ጊዜ ተሰጠ፣ ያ በ2024 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አለቀ። እንደተረሳ የቆጠረው ሁሉ በ2025 መጀመሪያ ላይ 90 ቀን ያለፈበት ተብሎ ሪፖርቱ ላይ ብቅ አለበት፣ ስኮሩ በአንዴ ከመቶ ነጥብ በላይ የወረደበት ብዙ ነው። ከእኛ ልጆች ኮሌጅ ጀምረው በሥራ ምክንያት ያቋረጡ አሉ፣ ዲግሪው የለም ብድሩ ግን አለ፣ አድራሻ ቀይረው ደብዳቤው ሳይደርሳቸው የቀረም አለ። ስለ ካርድ ከማሰባችሁ በፊት የድሮ ስቱደንት ሎን ካለባችሁ የት እንዳለ ስቱደንትኤድ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ እዩ፣ ያ ሳይስተካከል ካርድ መክፈት ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው ነገር ወለዱ ነው። የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከ20 ፐርሰንት በላይ ነው ያለው፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የካርድ ዕዳም በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። ጀማሪ ወጣት ደግሞ አማካዩን አይደለም የሚያገኘው፣ 28 እና 29 ፐርሰንት የተጻፈበት ካርድ ነው ብዙ ጊዜ በፖስታ የሚመጣለት። ይሄን ሲያዩ ነው እንግዲህ ብዙ ወላጆች "ካርድ የሚባል ነገር እንዳትነካ" የሚሉት፣ አልፈርድባቸውም፣ በ90ዎቹ የመጡ ስንቶቹ በካርድ ዕዳ ባንክራፕሲ እንደገቡ ያዩ ሰዎች ናቸው። ግን ወለዱ የሚመለከተው ዕዳውን የሚያሳድረውን ሰው ነው፤ የስቴትመንቱን (በየወሩ የሚመጣውን የካርድ ሒሳብ) ሙሉ በቀኑ ለሚከፍል ሰው ካርዱ 29 ቢልም 9 ቢልም ለዕቃ ግዢው የሚከፍለው ወለድ ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በጣም የተስፋፋ አንድ የተሳሳተ ምክር አለ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ቡና ላይም ትሰሙታላችሁ ቲክቶክ ላይም ትሰሙታላችሁ፦ "ሙሉውን አትክፈል፣ ትንሽ ባላንስ (ያልተከፈለ ዕዳ) ተውለት፣ ወለድ ስትከፍል ነው ክሬዲትህ የሚያድገው" የሚል። ውሸት ነው። ስኮሩ ወለድ ከፈልክ አልከፈልክ የሚያይበት መንገድ የለውም። ከአምስቱ የፋይኮ መለኪያዎች ትልቁ፣ 35 ፐርሰንቱ፣ በቀኑ ከፍለሃል ወይ ነው፣ ሚኒመሙንም (ባንኩ ለወሩ የሚጠይቀውን ትንሹን ክፍያ) ብትከፍል ሙሉውንም ብትከፍል "በቀኑ ተከፍሏል" ተብሎ ነው የሚጻፈው። 30 ፐርሰንቱ ደግሞ ከሊሚትህ (ካርዱ ከሚፈቅድልህ ጣሪያ) ምን ያህሉን ተጠቅመሃል የሚለው ላይ ነው፣ ያኛው ላይ ባላንስ ማሳደር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የቀረው አካውንቶችህ ምን ያህል ቆይተዋል የሚለው 15፣ አዲስ ያመለከትክበት 10፣ የብድር ዓይነት ስብጥር 10 ነው፣ እነዚህ ወጣት ሰው በጊዜ የሚያገኛቸው ስለሆኑ ብዙ ባትጨነቁባቸው ይሻላል።

ያ 30 ፐርሰንት ግን አንድም ሰው የማይነግራችሁ ተንኮል አለው፣ የቀኑ ነገር። ካርድ ሁለት ቀን ነው ያለው፣ አንዱ ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ሌላው ዲው ዴት የሚባለው የመክፈያው ቀን፣ በመሃላቸው በሕግ ቢያንስ 21 ቀን አለ። ሊሚቱ 500 ዶላር የሆነ ካርድ ያላት ልጅ እንውሰድ፣ ለግሮሰሪ፣ ለጋዝና ለስልክ 450 ዶላር ተጠቅማለች፣ ስቴትመንቷ በወሩ 8ኛ ቀን ይዘጋል፣ ዲው ዴቷ ደግሞ በሚቀጥለው ወር 3ኛ ቀን ነው። እሷ በዛ በሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ሙሉውን 450 ከፈለች። ጎበዝ ናት፣ ወለድ የለባትም፣ ቅጣት የለባትም። ነገር ግን ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ለቢሮዎቹ የሚነግረው ስቴትመንቱ በተዘጋ ቀን የነበረውን ቁጥር ነው፣ ማለትም ከ500ው 450፣ 90 ፐርሰንት። ስኮሯን ስታይ ወርዷል፣ "ከፍዬ እኮ ነው ምን አጠፋሁ" ትላለች። ስቴትመንቱ ሳይዘጋ በ6ኛው ቀን ላይ 420 ቀድማ ብትጥል ኖሮ በ8ኛው ቀን የሚጻፈው 30 ዶላር፣ 6 ፐርሰንት ይሆን ነበር፣ ያው ወጪ ያው ክፍያ፣ ቀኑ ብቻ ነው የተለየው። ብዙ ጊዜ ከሊሚታችሁ ከ30 ፐርሰንት በታች ተጠቀሙ ይባላል፣ ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ደግነቱ ይሄ ነገር ቂም አይዝም፣ አበዳሪዎች በብዛት በሚጠቀሙባቸው የፋይኮ ስሪቶች የሚታየው የአሁኑ ወር ቁጥር ስለሆነ በሚቀጥለው ወር ስትቀንሱት ስኮሩም ይመለሳል፣ ስለዚህ በየወሩ ስለሱ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ቤት ልትከራዩ ወይ መኪና ልትገዙ ስትሉ ከአንድ ከሁለት ወር በፊት ብታስተካክሉት በቂ ነው።

ቂም የሚይዘው ሌላኛው ነው፣ ያሳለፉት ክፍያ። ከዲው ዴቱ ሁለት ሦስት ቀን ብታሳልፉ ሌት ፊ 30 ዶላር ገደማ ትቀጣላችሁ እንጂ ክሬዲት ሪፖርት ላይ አይወጣም፣ 30 ቀን ከሞላው ግን ይጻፋል፣ ከተጻፈ ደግሞ 7 ዓመት ይቆያል። በ20 ዓመቱ የ15 ዶላር ሰብስክሪፕሽን ረስቶ ያሳለፈ ልጅ 27 እስኪሆን ወረቀቱ ላይ አለ ማለት ነው፣ ምንም እንኳን ክብደቱ በጊዜ እየቀነሰ ቢሄድም። ለዚህ መድኃኒቱ አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚከፍለው) ነው፣ ገና ካርዱ እጃችሁ እንደገባ፣ ያውም "ሚኒመም" የሚለውን ሳይሆን "ስቴትመንት ባላንስ" የሚለውን መርጣችሁ። አፑ ላይ ብዙ ጊዜ ሚኒመሙ ነው ከላይ የሚቀመጠው፣ ለምን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ሚኒመም ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። በዓመት 24 ፐርሰንት ወለድ 3,000 ዶላር አለባችሁ፣ ካርዱንም ከዚህ በኋላ ጨርሶ አትነኩትም። ብዙ ባንኮች ሚኒመሙን የሚያሰሉት የወሩን ወለድ ከዋናው ዕዳ 1 ፐርሰንት ጋር ደምረው ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ወለዱ 60 ከዋናው 30፣ በድምሩ 90 ዶላር ይመጣል። ቀላል ይመስላል። ዕዳው ሲቀንስ ሚኒመሙም እየቀነሰ ስለሚሄድ እሱን ብቻ እየከፈላችሁ ከሄዳችሁ ከ69 ወር በኋላ፣ ማለትም 5 ዓመት ከ9 ወር በኋላ፣ በአጠቃላይ 4,500 ዶላር ገደማ ከፍላችኋል፣ ገና 1,500 ይቀርባችኋል። ከከፈላችሁት ውስጥ 3,000ው ወለድ ነው። ያንኑ የመጀመሪያውን 90 ዶላር ሳትቀንሱ በየወሩ ብትጥሉ ግን በ56 ወር ሙሉ በሙሉ ያልቃል። የ90 ዶላሩን ቁጥር ሙጭጭ ብሎ መያዝ ብቻ ይሄን ያህል ልዩነት አለው። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ ባላንስ ያሳደረ ሰው ያን ከወለድ ነፃ የሆነውን ጊዜ ያጣል፣ ዛሬ የገዛው እንጀራና በርበሬ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጥርበታል።

አጀማመሩን በተመለከተ ብዙ የሚያወዛግብ አይደለም። ምንም ታሪክ የሌለው ሰው ሴኪዩርድ ካርድ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር ያስይዛል፣ ያስያዘው ሊሚቱ ይሆናል፣ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት በደንብ ከተጠቀመ ብዙ ባንኮች ገንዘቡን መልሰው ወደ መደበኛ ካርድ ያሳድጉታል። ከመክፈታችሁ በፊት ዓመታዊ ክፍያ እንደሌለውና ለሦስቱም ቢሮ ሪፖርት እንደሚያደርግ ጠይቁ። ኮሌጅ ያለ ሰው የተማሪ ካርድ ይቀለዋል፣ ሰፈር ውስጥ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር) ካለ ደግሞ እሱን መጀመሪያ ሞክሩ፣ ብዙዎቹ ክሬዲት ቢልደር ሎን የሚባል አላቸው፣ ብድሩን ሳይሰጡህ አንተ በየወሩ ትከፍልና ሲያልቅ ገንዘቡ ይሰጥሃል፣ ለዕቁብ ለለመደ ሰው መጨረሻ ላይ የደረሰው ማለት ነው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው በ2009 በወጣው የካርድ ሕግ መሠረት የራሱ ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት፣ ካልሆነ ኮሳይነር ያስፈልገዋል፣ ትልልቆቹ ባንኮች ደግሞ ብዙዎቹ ለካርድ ኮሳይነር አይቀበሉም። እዚህ ያደገ ልጅ ከሆነ ቤተሰብ የድሮና ንጹሕ ካርዳቸው ላይ አውቶራይዝድ ዩዘር (ተጨማሪ ተጠቃሚ) አድርገው ስሙን ቢያስገቡት የካርዱ ታሪክ ብዙ ጊዜ በእሱም ሪፖርት ላይ ይታያል፣ ፕላስቲኩን ባይሰጡትም ይሠራል። በተቃራኒው ካርዳቸው ሁሌ ጫፍ የደረሰ ከሆነ ያ ጫፍም አብሮት ይመጣል፣ ስለዚህ ማን ካርድ ላይ እንደምትገቡ ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተጻፈው ምክር ሁሉ ወጣቱ ዕዳ ውስጥ የሚገባው በጫማ፣ በሬስቶራንትና በኮንሰርት ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኛም ልጅ ሠርግ ሲመጣ ያብዳል፣ አልክድም። ግን እኔ የማየው የሐበሻ ወጣት በብዛት የሚወድቀው በራሱ ፍላጎት ሳይሆን በዘመድ ነው።

አንደኛው ገንዘብ መላክ ነው። አዲስ አበባ ሰው ታመመ ይባላል፣ ልቅሶ ይመጣል፣ ደሞዝ ገና አምስት ቀን ቀርቶታል፣ ካርዱ አለ፣ የመላኪያው አፕ ላይ ካርዱን አስገብቶ 400 ዶላር ይልካል። ብዙ ካርዶች ይሄን እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን እንደ ካሽ አድቫንስ (ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር) ነው የሚቆጥሩት። ካሽ አድቫንስ ሲሆን በቅድሚያ ክፍያ አለው፣ ብዙ ጊዜ 5 ፐርሰንት ወይም 10 ዶላር ከሁለቱ የበለጠው፣ ወለዱ ከተራው ከፍ ይላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የ21 ቀኑ እፎይታ የለውም፣ ከላከበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጥራል፣ ሙሉውን በዲው ዴቱ ቢከፍልም ወለዱ ይጠብቀዋል። ለቤተሰብ አትላኩ የሚል ምክር እዚህ አልጽፍም፣ ማንም አይሰማኝም፣ እኔም አላደርገውም። በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ አካውንት ላኩ ነው የምለው፣ ለልቅሶና ለሕመም የሚሆን 300ም ሆነ 500 ዶላር ለብቻው ተቀምጦ ቢገኝ ካርዱ አይነካም።

ሁለተኛው ኮሳይን ማድረግ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም አገር ቤት ዋስ መሆን የሰው ልክ የሚታይበት ነገር ነው፣ ሥራ ለመቀጠር እንኳን ዋስ ይጠየቃል፣ ዘመድህ ዋስ ሁነኝ ሲልህ እምቢ ማለት መናቅ ነው። እዚህ የመጣች ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ 720 ስታስገባ ወሬው ይሄዳል፣ "እሷ ክሬዲት አላት" ይባላል፣ ከዛ የአጎት ልጅ ለኡበር የሚሆን መኪና ሊያወጣ ፊርማሽ ይላል። ፊርማዋን ስታኖር ግን ስለ ጠባዩ እየመሰከረች ሳይሆን ብድሩን ራሷ እየተበደረች ነው። እሱ አንድ ወር ቢያሳልፍ በእሷም ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣ በብዙ ስቴት ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እሷ ላይ መምጣት ይችላል። እሱ በደንብ ቢከፍልም እንኳን ነገ ቤት ልግዛ ስትል የ500 ዶላሩ የመኪና ክፍያ ብዙ ጊዜ የእሷ ዕዳ ተብሎ ይቆጠርባታል፣ የሚፈቀድላት ሞርጌጅም (የቤት ብድር) በዛው ልክ ይቀንሳል። እምቢ ማለት ካልተቻለ፣ አንዳንዴ በእውነት አይቻልም፣ ቢያንስ አበዳሪው ጋ የራሷ ኦንላይን መግቢያ ይኑራት፣ ክፍያው ሲያልፍ ወዲያው የሚነግራትን አለርት ታስከፍት፣ እሱ ሲጎድልበት አንድ ወር መሸፈን የምትችለውን ብቻ ትፈርም። ከኮሳይን ይልቅ ለሴኪዩርድ ካርድ ማስያዣ 200 ዶላር ብታበድረው ደግሞ ለራሱም ስም ይገነባለታል፣ ለእሷም የምታጣው 200 ብቻ ነው።

መኪና ካነሳን አይቀር ስኮሩ በገንዘብ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል በመኪና ነው የሚታየው። 20,000 ዶላር ለ5 ዓመት በ7 ፐርሰንት ያወጣ ሰው በወር 396 ዶላር ይከፍላል፣ በ18 ፐርሰንት ያወጣው ደግሞ 508 ዶላር። ያው መኪና፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁለተኛው ሰው 6,700 ዶላር ገደማ በላይ ከፍሏል። በዛ ላይ አብዛኛው ስቴት ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስም ክሬዲት ያያል፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ ነው የከለከሉት። ዲለሩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ወይ ባንክ ጋ ቀድማችሁ አፕሩቫል ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ስትጠይቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካደረጋችሁት ፋይኮ እንደ አንድ ጥያቄ ነው የሚቆጥረው፣ "ብዙ ቦታ ካሳየህ ክሬዲትህ ይወርዳል" ብሎ የሚያስፈራራችሁ ሻጭ እዛው እንድትፈርሙለት ነው።

በሃይማኖት ምክንያት ወለድ ያለበትን ውል መፈረም የማይፈልጉ ልጆችም አሉ፣ ሙሉውን በቀኑ ከተከፈለ ችግር የለውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ ውሉ ላይ ወለድ መጻፉ ብቻ ይበቃል ብለው የሚከለክሉም አሉ፣ ያ የእኔ ሜዳ አይደለም። ለእነሱ ካርድ ሳይነኩ የሚሄዱበት መንገድ ግን አለ፣ የቤት ኪራይ ሪፖርት ማስደረግ አንዱ ነው፣ ካሊፎርኒያ ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ትልልቅ አከራዮች ተከራዩ ከፈለገ በቀኑ የከፈለውን ኪራይ ሪፖርት እንዲያደርጉለት አስገድዳለች፣ ሌላ ስቴትም ቢሆን አከራዩን ጠይቁ። ኤክስፔሪያን ቡስት የስልክና የመብራት ክፍያን ያስገባል፣ የሚታየው ግን ኤክስፔሪያን ላይ ብቻ ነው።

አሁን የመጣው ደግሞ በአራት ከፍለህ ውሰድ የሚሉት ነው፣ ክላርና፣ አፈርም፣ አፍተርፔይ። እስካሁን ብዙው ክሬዲት ላይ አይታይም ነበር፣ ፋይኮ በ2025 እነዚህንም የሚያካትት ስኮር ማውጣቱን ስላሳወቀ "አይታይም" ብሎ መኩራራት ቀስ እያለ ያበቃል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በአማርኛ የሚተዋወቀው "ክሬዲታችሁን በ30 ቀን እናጸዳለን" ነው። እውነት የሆነ የተጻፈ ነገርን ማንም ሊያስጠፋ አይችልም፣ በ1996 የወጣው የፌደራል ሕግ ደግሞ ሥራውን ሳይሠሩ ቀድመው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል፣ ስለዚህ ቅድሚያ 500 ዶላር ላክ ያለህ ሰው ገና ሲጀምር ሕግ ጥሷል። ሲፒኤን የሚባል በሶሻል (ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ፈንታ የሚሠራ አዲስ ቁጥር እንሰጣለን የሚሉት ደግሞ ከዛም ይብሳሉ፣ በዛ ቁጥር ብድር ያመለከተው አንተ ነህ፣ የሚጠየቀውም አንተ ነህ፣ ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የማጭበርበር ክስ ከክሬዲት በላይ የሆነ ነገር ያሳጣል።

ጥቅሙን ሳልናገር ብቀር ደግሞ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። አንድ ሁለት ዓመት በደንብ የያዘ ሰው ፖይንት የሚሰጡ ካርዶች ይከፈቱለታል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ስለሆነ በዚሁ ኅብረት ባለው በዩናይትድ አየር መንገድ ማይል ከዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ትኬት መቁረጥ ይቻላል፣ ቦታ ማግኘቱ ትዕግስት ቢጠይቅም። ለገና ቤተሰብ ጋ በፖይንት የሄዱ ልጆች አሉ። ግን ቦነሱን ለማግኘት በሦስት ወር 4,000 ዶላር አውጣ ሲል፣ ያ 4,000 ድሮም የምታወጡት ካልሆነ ትኬቱን በውድ ነው የገዛችሁት።

የመጨረሻው የስማችን ጉዳይ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሶሻሉ ላይ ሌላ፣ ባንኩ ጋ የአያት ስም ተቀንሶ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ አጻጻፉም በየወረቀቱ ይለያያል፣ አንዱ ጋ በአንድ ኤስ ሌላው ጋ በሁለት። በዛ ላይ በተለይ በስደት መጥተው የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው፣ የልደት ቀናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ የአንዱ ዕዳ በሌላው ፋይል ላይ ሊገባ ይችላል፣ ወይም የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካርድ ከመክፈታችሁ በፊት በየትኛው ስም እንደምትቀጥሉ ወስናችሁ ሶሻል ካርዱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል በሁሉም ቦታ ተጠቀሙ። ከዛ አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብታችሁ የሦስቱንም ሪፖርት አውጡ፣ በነፃ ነው፣ አሁን በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል፣ ገጹ የካርድ ቁጥር ስጡኝ ካላችሁ ሌላ ገጽ ላይ ናችሁ ማለት ነው። የማታውቁት አድራሻ፣ ኖራችሁበት የማታውቁት ስቴት፣ ያልከፈታችሁት አካውንት ካያችሁ ያንን ያወጣው ቢሮ ጋ ዲስፒዩት አድርጉ (ስህተት ነው ብላችሁ አመልክቱ)፣ ኦንላይን ቀላል ቢሆንም ስም የተቀላቀለበት ጉዳይ ከሆነ የመታወቂያና የሶሻል ኮፒ አያይዛችሁ በሰርቲፋይድ ፖስታ ብትልኩት ማስረጃው እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ እነሱ ደግሞ በሕግ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ለጊዜው አዲስ ብድር የማትፈልጉ ከሆነም ሪፖርታችሁን ሦስቱም ጋ ፍሪዝ አድርጉት (አዲስ አበዳሪ እንዳያየው ዝጉት)፣ ከ2018 ጀምሮ በነፃ ነው፣ ካርድ ወይ ቤት ስታመለክቱ ከስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ።